ሁለቴ የተመታው ጋቢ

ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር ባንድ ልጽፍ ነው ብል ወረታ ውስጥ የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ። እኔ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ነኝ፤ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን፣ እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ ከተን እንሠራለን። ያ ባንድ የአባቴን ስም ገደል አፋፍ ድረስ ወስዶ መልሶታል። ዛሬም ድምፁን ስሰማ እግሬ አርፎ አይቀመጥም፣ ልቤም እንደዚያው።

ባንዱን ያመጣልኝ ወፍ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ነው። ጥቅምት ሲጋመስ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ይሸሻል፣ ሩዙ ይበስላል፣ ወፉም ከየት እንደሚመጣ እንጃ ሜዳውን ይሞላዋል። ያኔ ፈረንጆች ከባሕር ዳር በመኪና እየመጡ፣ አቅራቢ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ረግረጉ ዳር ተገትረው ይውላሉ። ይኼኛው ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ጃኬቱ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሰውዬ ነበር። አስጎብኚው ኩታ ሊያስገዛው እኛ ዘንድ አመጣው። ሰውዬው ግን ኩታውን ትቶ ስልኩን አውጥቶ የሥራችንን ድምፅ ይቀዳ ጀመር። መርገጫው ሲንቋቋ፣ መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲሾልክ፣ መምቻው ማጉን ሲያጠብቅ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። አባቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ይኸ ሰው አሞታል እንዴ?» አለኝ።

አላመመውም። ዓይኑን ሲገልጥ በአስጎብኚው በኩል አስረዳን። በአገሩ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚከተለው አንድ ባንድ አለ፤ የእኛ መምቻ የዚያን ባንድ ከበሮ አስታወሰው። ዘፈኑን ፎልክ ፓንክ ይሉታል። ምን ማለት እንደሆነ አስጎብኚውን ብጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ «የገጠር ዘፈን ሆኖ የተቆጣ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሰውዬው ደግሞ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የጎደለ ጥርሱን አሳየን፤ በወጣትነቱ እነሱ መድረክ ሥር ሲዘል የሰው ክርን መትቶት ነው የወለቀው። ያሳየን እንደ ኒሻን እየኮራበት ነው። ከዚያ አሥራ ምናምን ዘፈን በብሉቱዝ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ፣ ኩታውንም ገዝቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስንጀምር ስልኬን ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኝቼ ከፈትኩት። ቫዮሊኑ ብቻውን ይጀምራል፤ ሰርግ ቤት ደጃፍ ቆሞ የባለቤቱን ፊት እንደሚያጠና አዝማሪ፣ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ አኮርዲዮን ይደርብበታል። እንግዲህ ለስላሳ ዘፈን ነው ብዬ መወርወሪያዬን ሳነሳ ከበሮው በሩን ገንጥሎ ገባ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ገንጥሎ ነው የገባው። ቫዮሊኑም ያን ሁሉ ጨዋነቱን ጥሎ ይሮጥ ጀመር። ዘፋኙ ድምፁ አያምርም፤ በጎርፍ ማዶ ያለ ዘመዱን የሚጣራ ገበሬ ነው የሚመስለው። የሚጣራው ግን እኔን ነበር። በስሜ የጠራኝ ያህል ደነገጥኩ፣ ከዚያም ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ተቀባዩ ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ይህን እኛም በደቦውም በሰርጉም እናውቀዋለን። ከእነሱ ዘፈኖች ግማሾቹ የተቀዱት ሕዝብ ፊት ስለሆነ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲቀበል ይሰማል፤ ከዜማ የወጣው፣ የሰከረው፣ ጥርሱን ሊያጣ ትንሽ የቀረው ሁሉ አብሮ ይጮሃል። ማንም ዝም በል አይለውም። ፈረንጁ እንደነገረን ዘፈኖቹ ስለ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ ስለ ወደብ ኩሊ፣ አንዱ ደግሞ ድሮ ማሽን መጥቶ እንጀራቸውን ስለነጠቃቸው ሸማኔዎች ነው። እዚህ ስለ ሸማኔ ግጥም ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ለማሽሟጠጥ ነው፤ ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ደርበው ያሽሟጥጡናል። ባሕር ማዶ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለሸማኔ ሲጮህ ስሰማ፣ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ የማያልፍ ቢሆንም፣ ከደስታዬ ብዛት እንባ እንባ አለኝ።

አባቴ ከጎኔ ሆኖ ሁለት ዘፈን በትዕግሥት ሰማ።

«ሰውዬው ተጣልቶ ነው ወይስ ደስ ብሎት?» አለኝ።

«ሁለቱንም ነው አባባ።»

«ሁለቱንም አይሆንም። አንዱን ይምረጥና ይዝፈን።»

ቢሆንም ዝጋው አላለኝም። ያን ሰሞን ዓይኑ እየደከመ ስለነበር ትልልቁን ሥራ ለእኔ ትቶ፣ እሱ ለገበያ የሚሆን ነጠላ ቀስ እያለ ይሠራ ነበር። በእኔ በኩል የተወጠረው ጋቢ ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነው።

የጋቢው ባለቤት ከሐይቁ ወገን፣ ከሜዳው ውስጥ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። እዚያ ክረምት ሲገባ ውኃው ቤቱን ከብቦ ሰውን ከነከብቱ ደሴት ላይ ያስቀምጠዋል። ሴቶቹም ያን ጊዜ እንዝርታቸውን ይዘው ይፈትላሉ። እማማ ክረምቱን ሙሉ የፈተሉትን ልቃቂት በእንቅብ ሞልተው ያመጡልን፣ ብርድ አጥንታቸው ውስጥ ለገባባቸው ሽማግሌ ባላቸው ጋቢ እንድንሠራላቸው ነው። በእኛ ሙያ ፈትሉ የባለቤቱ ነው፤ የእኛ እጃችን ብቻ ነው። ስለዚህም ሸማኔ የተባለ ሁሉ ፈትል ይሰርቃል የሚባል አሮጌ ሐሜት ተከትሎት ይኖራል። ሴቶቹ ሳይመዝኑ አይሰጡም። እማማም ፈትላቸውን በሚዛን ከአንድ ድንጋይ ጋር አስተካክለው ኖሯል፣ ሲያስረክቡን ፈገግ ብለው፣ «ድንጋዩ ቤቴ ተቀምጧል» አሉን። አባቴም ፈገግ አለላቸው። አርባ ዓመት ሲሠራ አንዲት ሴት እንኳ ፈትሌ ጎደለ ብላው አታውቅም። ሀብቱ ይኸው ስም ነው፤ ከእሱ ሌላ የሚያወርሰኝ የለውም።

ጋቢውን በፈረንጁ ዘፈን ሠራሁት። እግሬ መርገጫው ላይ ይጨፍራል፣ መወርወሪያዬ ከቀኝ ወደ ግራ ይከንፋል፣ ተቀባዮቹ ሲጮሁ እኔም ትርጉሙን በማላውቀው ቃል አብሬያቸው እጮሃለሁ። ጎረቤታችን ቀጥቃጩ ማረሻ ሲመታ ይቆይና መዶሻውን እንደያዘ በራችን ላይ ብቅ ብሎ፣ «ይቺን ድገማት» ይለኛል። እደግማታለሁ። እንደዚያ ተደስቼ ሠርቼ አላውቅም፤ ሰው በሥራው ላይ እንደዚያ መደሰት እንደሚችልም አላውቅም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ማጉ አለቀ።

አሥራ ስድስት ክንድ መሆን የነበረበት ጋቢ አሥራ አራት ላይ ቆመ። ሁለት ክንድ ድር ባዶውን ተወጥሮ ቀረ። እንቅቡን ገለበጥኩ፣ ጥጋ ጥጉን ፈተሽኩ፣ አባቴ የተቀመጠበትን ቁርበት ሳይቀር አነሳሁ። አንድ ልቃቂት የለም። አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ መጣና የተሠራውን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው።

«እንደ ሰሌን ጠጥሯል። ስንቴ ነው የመታኸው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ አንዴ።»

«እስቲ እኔ ነጠላ ላይ ተቀመጥና አሳየኝ።»

መወርወሪያውን አንዴ ሰደድኩ፣ አንዴ መታሁ። «አሁን ያንን ጩኸት ክፈተው» አለኝ። ከፈትኩት። ከበሮው ሲገባ እጄ ሳላዘው ጧ ጧ አለ። አንድ ማግ፣ ሁለት ምት። ሌላ ማግ፣ ሁለት ምት። ከበሮው ሁለቴ ስለሚመታ እኔም አምስት ቀን ሙሉ ሁለቴ ስመታ ከርሜያለሁ። ማጉ እርስ በርሱ ተጠቅጥቆ፣ የአሥራ ስድስት ክንዱን ፈትል አሥራ አራቱ ክንድ በላው። ሸማኔ የሚሰርቅ ከሆነ አላልቶ ይሠራል፤ ከባለቤቱ ሰርቆ መልሶ ለባለቤቱ የሰጠ ሸማኔ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ከገበያ ፈትል ገዝቼ ልጨርሰው» አልኩ።

«የራሳቸውን ፈትል በጨለማ ቢዳስሱት ያውቁታል» አለ አባቴ። «ያኔ ሌባ ብቻ ሳይሆን ሞኝ ሌባ እንባላለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ይቆይ፤ ሲመጡ እውነቱን እንነግራቸዋለን።»

እውነቱስ ምንድን ነው? እማማ፣ ፈትልዎን የእንግሊዝ ከበሮ በላው ልንላቸው ነው። ይህን እያሰብኩ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። አባቴም አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ የመጡት በገበያው ቀን ረፋድ ላይ ነው። እንቅባቸው ውስጥ ለገበያ የያዟቸው ሁለት ትልልቅ ልቃቂቶች አሉ፤ ከልቃቂቶቹ ሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለው ድንጋይ። ባዶውን ድር አዩና ቆሙ።

«ፈትሌ የት ገባ?»

«ጋቢው ውስጥ ነው ያለው» አለ አባቴ። «ልጁ አጥብቆ መታው።»

ቀርበው ዳሰሱት። «ጠብቋልስ ጠብቋል። ሁለት ክንድ የሚውጥ መጥበቅ ግን እኔ አላውቅም» አሉ። ድንጋዩን ከጨርቁ ፈተው መሬት ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው ይመዘን።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለመመዘን ጋቢው ከድሩ መቆረጥ አለበት። ከተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም፤ የሽማግሌው እግር ዕድሜ ልኩን ውጭ ያድራል። ካልተቆረጠ ግን እማማ የእኛን ቃል ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም፣ የሸማኔን ቃል ደግሞ ማን ያምናል? አባቴ ብዙ አላሰበም። ምላጩን ከግድግዳው ስንጥቅ መዝዞ አወጣ።

«ጋቢው ይበላሽ። ስሜ አይበላሽ» አለ። ክረምቱን ሙሉ የፈተሉት እማማ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ቆይ አባባ» አልኩና በምላጩና በድሩ መካከል ገባሁ።

የሚሆነውን አስቤ አይደለም የገባሁት። ስለ ፈረንጁ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ቁጡው ዘፋኝ፣ ስለ ሁለቱ ምት እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ የእኔ አነጋገር ያን ቀን እስር ቤት የሚያስገባ ነበር። እማማ ግን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «እስቲ በዓይኔ ልየው» አሉ።

ከአባቴ ነጠላ ማግ ላይ ራሳቸው በክንዳቸው እየለኩ ሁለት ቀሰም ጠቀለሉ፤ ቀሰም መወርወሪያው ውስጥ የሚገባው ማግ የሚጠቀለልበት ትንሽ ሸምበቆ ነው። እኩል አድርገው ነው የጠቀለሉት፣ እያንዳንዷን ክንድ ጮክ ብለው እየቆጠሩ። አንዱን ቀሰም እዚያው ነጠላው ላይ በጸጥታ ሠራሁት። እማማ በጣታቸው ለኩት፣ አራት ጣት ሞላ። ሁለተኛውን ዘፈኑን ከፍቼ ሠራሁት። ሦስት ጣት ተኩል። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ፊታቸው አልተፈታም።

«አውቀህ ነው ሁለቴ የመታኸው። ልጅ ለአባቱ ቢዋሽ አልፈርድበትም» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «አንቱ ይቀመጡ።»

ሌላ ቀሰም ጠቀለሉ። አባቴ ምላጩን አስቀምጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። «እኔ አውቄ ሁለቴ አልመታም» አለ፣ ለእማማም ለእኔም። «እጄ ያለውን ይበል።» ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ዘፈኑን አይወደውም። አርባ ዓመት አንዴ የመታ እጅ ነው፣ ግትርነቱንም አውቀዋለሁ። እጁን ከያዘ በገዛ ጨዋነቱ ሌባ ሊያሰኘን ነው። በራችን ላይ ደግሞ ሰው ተሰብስቧል፤ ቀጥቃጩና ሚስቱ፣ ከሐሙሲት ሰው ጭኖ የመጣ ባጃጅ ነጂ፣ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች።

ከሁሉ የሚጮኸውን፣ ያን የሸማኔዎቹን ዘፈን መርጬ ከፈትኩ። ቫዮሊኑ ጀመረ። አባቴ አንዴ ሰደደ፣ አንዴ መታ። አኮርዲዮኑ ገባ። አንዴ። ከበሮው በሩን ገነጠለው። አባቴ ጥርሱን ነክሶ አንዴ መታ፣ ደግሞ አንዴ። ዘፋኙ ተጣራ፣ ተጣራ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ተጣራ፣ ከዚያ ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ ተቀበለ። ቀጥቃጩም ዜማውን ለምዶት ኖሮ ከበሩ ላይ አብሮ ተቀበለ፣ ሚስቱ አጨበጨበች፣ ባጃጅ ነጂው ጉልበቱን መምታት ጀመረ። የአባቴ ትከሻ ላላ አለ። አገጩ ተነሳ። እግሩ መርገጫው ላይ ፈጠነ፣ ቀጥሎም መምቻው ጧ ጧ፣ ጧ ጧ። እልል ማለት አማረኝ፣ አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። አባቴ ፊቱ በርቷል፤ የት እንዳለ የረሳ ሰው ይመስላል። ማጉ እስኪያልቅ እንደዚያው ሠራ።

እማማ እጃቸውን ሲያነሱ ዘጋሁት።

«ስንቴ መቱ?»

«አንዴ» አለ አባቴ፣ ቅር እንደመሰኘት ብሎ። «አንዴ ነው እንጂ።»

በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግራ ተጋብቶ ወደ ነጠላው ጎንበስ አለ፣ ደካማ ዓይኑን አጥብቦ ጣቶቹን ዘረጋ። ሦስት ጣት ተኩል። እንደገና ለካው። ከዚያ እጁን ገልብጦ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየው፣ ሳቁም መጣበት።

«እጄ ከዳኝ» አለ።

«አልከዳዎትም» አሉ እማማ። «መሰከረልዎ።»

ድንጋዩን በጨርቁ ጠቅልለው እንቅቡ ውስጥ መለሱትና ለገበያ የያዟቸውን ሁለት ልቃቂቶች አወጡ። የቀረው ሁለት ክንድ እንደ ፊተኛው ጠብቆ ካልተሠራ ጋቢው ወጥ አይሆንም፣ ስለዚህ ዘፈኑ መከፈት ነበረበት። «ያን ቁጡ ሰውዬ ጥራው እንግዲህ» አሉኝ እሳቸው ራሳቸው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀሰም እየጠቀለሉ። አባቴ እየተቀበላቸው ያቀብለኛል፣ እኔ እሠራለሁ፣ ቀጥቃጩ ሥራውን ትቶ ደጃፉ ላይ ይቀበላል። ከገበያው የሚመለሰው ሰው ቆም እያለ፣ ሰርግ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እማማ እንኳ አንዳንዴ ተቀባዮቹ ሲጮሁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጋቢው ተቆርጦ ሲወርድ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ሳቡት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ ነበር፤ ይኸስ አልፈታም አለ» ብለው ሳቁ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ አላየሁም፣ ይኸን ስጽፍ እንኳ እጄ ይፈጥናል።

ሊሄዱ ሲነሱ አባቴ፣ «አሁን ይመዘንልዎ» አለ። «ሁለት ልቃቂት ተጨምሮበት ድንጋዩ ከእንግዲህ ምን ያውቃል?» አሉና ጋቢውን ተሸክመው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። አባቴን ግን ያ ነገር ከነከነው። ለጨዋታው ስቀው፣ ቤታቸው ሲገቡ ቢጠራጠሩስ? ለባላቸው ሲያለብሱት ሌላ ነገር ቢሉስ? ሳምንት አለፈ፣ ወር ሞላ፤ ከዚያ ወገን የሚመጣ ሰው ባየ ቁጥር ዓይኑን ያጠብብና የሚናገሩትን ያዳምጣል። ዘፈኑን ስከፍትም ቀና ብሎ እጁን ይጠብቀዋል።

አንድ የገበያ ቀን የእማማ ምራት ፈትል የሞላበት እንቅብ አዝላ በራችን ላይ ቆመች። ለታናሽ ልጃቸው ጋቢ ነው፣ እንደ አባትየው ጋቢ ሁለቴ ተመትቶ ይሠራ ብለዋል እማማ። አባቴ እንደ ልማዱ፣ «ስንት መዘነ?» ብሎ ጠየቃት።

«አልተመዘነም» አለች። «ከጠየቁሽ፣ አልመዘንኩትም ብላለች በያቸው ብለውኛል።»

አባቴ እንቅቡን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ። የሚያስቀምጥበት ቦታ የጠፋው ይመስል ነበር። በአርባ ዓመቱ ያልተመዘነ ፈትል እጁ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ልጅቷ ስትሄድ ወደ እኔ ዞረ።

«ተነስ» አለኝ። «ከሩዝ ነጋዴው ሚዛን ተውሰህ ና። እሳቸው ካልመዘኑት እኛ መመዘን አለብን።»